የፒያኖ መብራት ትርፍ ወጪ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ፒያኖ መብራት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ጸሐፊው የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ ሴት ልጃቸው ፒያኖ ትማራለች። አስተማሪዋ ለኖታው የሚሆን መብራት እንዲገዙላት ስለጠየቀቻቸው ነው ብዕር ያነሱት።

የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። የቤት መብራት እያለ ለፒያኖ ለብቻው መብራት መግዛት የፈረንጅ ቅንጦት ነው። ጨለመ ከተባለ ዋቱ ከፍ ያለ ነጭ አምፖል መቀየር ይበቃል። ካልሆነም ጠረጴዛ ላይ ያለውን አባዦራ አንስቶ ፒያኖው ላይ ማስቀመጥ ነው። የድሮ ሰዎች በሻማ ተጫውተዋል፤ ጥሩ ሙዚቀኛ ደግሞ በጆሮው እንጂ በዓይኑ አይጫወትም። የመብራት ሙቀት የፒያኖውን እንጨት ይጎዳል። ድሬ ላይ መብራት ይጠፋል። ብዙዎቻችን ቤት ያለውም ኪቦርድ እንጂ ፒያኖ አይደለም።

ጽሑፉ በቅን ልቦና የተጻፈ ነው። የወላጅ ኪስ እንደሚጎዳም አውቃለሁ። ግን እኔ እዚሁ ከተማ ልጆችን ፒያኖ አስተምራለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ በየምሽቱ አያለሁ። ልጁ ነው። ትኩረት የለውም፣ ሰነፍ ነው፣ ተሰጥኦ የለውም ይባላል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ችግራቸው ሌላ ነው፤ ኖታው አይታያቸውም። መብራቱን ስታስተካክሉላቸው ያው «ሰነፍ» የተባለው ልጅ ሳይደነቃቀፍ ያነባል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

የኮርኒሱ መብራት ይበቃል ለሚለው

እስቲ ቤታችንን እንየው። ቋሚ ፒያኖ የሚቀመጠው ግድግዳ ተጠግቶ ነው። አምፖሉ ያለው ክፍሉ መሃል፣ ኮርኒስ ላይ ነው። ተጫዋቹ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲቀመጥ አምፖሉ ከጀርባው ይሆናል። ብርሃኑ ኖታው ጋ ከመድረሱ በፊት ጭንቅላቱንና ትከሻውን ያገኛል። ጥላው የሚያርፈው ዓይን የሚፈልገው ቦታ ላይ ነው፤ ወይ ኖታው ላይ፣ ወይ እጆቹ ላይ።

አንዲት ልጅ በዚህ ሁኔታ ስትለማመድ ጎኗ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ኖታው ሲደበዝዝባት ወደ ፊት ትጠጋለች። በተጠጋች ቁጥር የራሷ ጥላ ገጹ ላይ ይበልጥ ይጠቁራል። እንደገና ትጠጋለች። አንገቷ ይቀለሳል፣ ትከሻዋ ይነሳል፣ የእጅ አንጓዋ ከቁልፎቹ በታች ይወርዳል። «ቀጥ በይ» ትባላለች። ቀጥ ስትል ደግሞ ኖታው ይጠፋባታል። ልጅቷ የታዘዘችውን አልሰማ ብላ አይደለም። ሁለቱን ትእዛዝ ባንድ ጊዜ መፈጸም ስለማይቻል ነው።

ቁጥሩንም እንየው። ሉመን አምፖሉ የሚያወጣው ጠቅላላ ብርሃን ነው፤ ሉክስ ደግሞ ገጹ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መጠን። 800 ሉመን የሚሰጥ አምፖል፣ ማለትም የድሮው 60 ዋት ወይም የአሁኑ 9 ዋት ኤልኢዲ፣ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትናል። ከ2 ሜትር ርቀት ላይ በቀጥታ የሚደርሰው 16 ሉክስ ያህል ነው። ከዚራ ሰፈር ያሉት የድሮ ቤቶች ሙቀቱን ለመቋቋም ኮርኒሳቸው ከፍ ተደርጎ ነው የተሠሩት። እዚያ ርቀቱ 3 ሜትር ቢሆን ቀጥታ የሚደርሰው ወደ 7 ሉክስ ይወርዳል። ነጭ ግድግዳ የሚመልሰው ብርሃን ሲጨመር ከዚህ ከፍ ይላል፤ ይህን አልክድም። ሆኖም በአውሮፓ የቤት ውስጥ ሥራ ቦታዎች የመብራት ደረጃ ለሙዚቃ መለማመጃ ክፍል የተቀመጠው 300 ሉክስ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ርቀት ነው። ያንኑ አምፖል ከ2 ሜትር ወደ ግማሽ ሜትር ብታቀርቡት ብርሃኑ 4 እጥፍ አይደለም የሚጨምረው፤ 16 እጥፍ ነው። የፒያኖ መብራት የሚባለው ነገር ሥራው ይኸው ነው። አነስተኛ አምፖልን ገጹ አጠገብ፣ ከተጫዋቹ ጭንቅላት ፊት ለፊት ማምጣት።

ድሬ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፤ ጸሐፊው አላነሱትም። ቬንትሌተር። በብዙ ቤት ቬንትሌተሩና መብራቱ ኮርኒሱ ላይ ጎን ለጎን ነው ያሉት። አምፖሉ ከክንፎቹ በላይ ከዋለ ብርሃኑ ይቆራረጣል። ባለ 3 ክንፍ ቬንትሌተር በደቂቃ 200 ጊዜ ሲዞር ብርሃኑን በሰከንድ 10 ጊዜ ይቆርጠዋል። በዚህ ብልጭ ድርግም ውስጥ ኖታ ማንበብ ራስ ያዞራል። ቬንትሌተሩን አጥፉት እንዳልል የድሬ ሙቀት ነው፤ ማን ይችለዋል? መብራቱን ከቬንትሌተሩ ማራቅ ነው የሚሻለው።

ይህን ሁሉ ብርሃን ለምን ፈለግን? የኖታው አምስት መስመሮች ተደምረው ቁመታቸው 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በመስመሮቹ መሃል ያለው ክፍተት ከ2 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ድምፅን ዝቅ የምታደርገው ፍላት፣ ከፍ የምታደርገው ሻርፕ፣ ከኖቷ አጠገብ ያለችው ነጥብ የሚለዩት እዚያ ውስጥ ነው። የኛ ልጆች የሚያነቡት ደግሞ የመጽሐፉን ዋና ቅጂ አይደለም። ፎቶኮፒ ነው፤ አንዳንዴም የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ። ጥቁሩ ግራጫ ሆኗል፣ ነጩም ግራጫ ሆኗል።

አንድ ምሳሌ ከራሳችን ቅኝት ልስጥ። አንቺሆዬ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ሁለቱን ፍላቶች ያላየ ልጅ ዶ፣ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ይጫወታል። አንቺሆዬው ጠፋ ማለት ነው። ልጁ ቅኝቱ አልገባውም ይባላል። የጎደለው ግን ወርዷ ሁለት ሚሊ ሜትር የማትሞላ ምልክት ላይ የሚያርፍ ብርሃን ነው።

ዋቱን ከፍ አድርጉ፣ ነጭ አምፖል አድርጉ ለሚለው

ከጽሑፉ ብዙ ሰው «እውነት ነው» የሚለው ይህን ይመስለኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ቀለም የተቀባ ፒያኖ እንደ መስተዋት ነው የሚሠራው። ኮርኒሱ ላይ ኃይለኛ አምፖል ስትሰቅሉ አምፖሉ በቁልፎቹ መክደኛና በኖታ ማቆሚያው ላይ ተመልሶ ዓይን ውስጥ ይገባል። ገጹ በፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ገጹ ራሱ ያብለጨልጫል። ብርሃኑ በጨመረ ቁጥር ነጸብራቁም አብሮ ይጨምራል። ዓይን ደማቁን ነገር ተከትሎ ይጠባል፤ ያኔ ኖታው ከቀድሞው የጨለመ ይመስላል። «አምፖል ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም» የሚሉ ወላጆች የሚያጋጥማቸው ይህ ነው።

ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ መፍትሔው የአምፖሉን ቦታ ማስተካከል ነው። አንድ ቀላል ፈተና አለ። ትንሽ ጠፍጣፋ መስተዋት ኖታው የሚቆምበት ላይ አስደግፉ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና በመስተዋቱ ውስጥ ተመልከቱ። አምፖሉ ከታያችሁ ነጸብራቁ ዓይናችሁ ላይ እያረፈ ነው፤ መብራቱን ከፍ፣ ዝቅ ወይም ወደ ጎን አድርጉት። መስተዋቱን ወደ ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሳችሁ ድገሙት። ከዚያ መስተዋቱን አንስታችሁ ቀና ብላችሁ እዩ። አምፖሉ ራሱ በባዶው ከታያችሁ የመብራቱ ቆብ አጭር ነው፤ አምፖሉን እስኪሸፍን መውረድ አለበት።

ስለ ነጭነቱ ደግሞ። ገበያው ላይ በብዛት ያለው 6500 ኬልቪን ነው፤ ሰማያዊነት ያለው ነጭ። ታይዋን ገበያ ገብታችሁ «ኤልኢዲ አምፖል» ስትሉ መጀመሪያ የሚዘረጋላችሁ እሱ ነው። ጸሐፊው ለዓይን ጥሩ ነው ይላሉ። ጥቁር ቀለም በነጭ ወረቀት ላይ ለማንበብ ግን ብርሃኑ ትንሽ ቢጫ መሆኑ የሚያጎድለው ነገር የለም። በሌላ በኩል እኛ የምንለማመደው ማታ ነው። ቀን 9 ሰዓት ላይ ድሬ ውስጥ ፒያኖ ላይ የሚቀመጥ ልጅ አላየሁም። ፀሐይዋ ከበረደች በኋላ ነው ከተማው ነፍስ የሚዘራው። ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን ማታ ላይ እንቅልፍ ያዘገያል፤ ይህ በደንብ የተጠና ነገር ነው። ሰዓቱ 2 ተኩል ሆኖ ከፒያኖ ተነስቶ ወደ አልጋ ለሚሄድ ልጅ ቢጫነት ያለው 2700 ወይም 3000 ኬልቪን ይሻላል።

ነፍሳትም አሉ። መስኮት ከፍተን ነው የምንቀመጠው። ዝናብ ከጣለ በኋላ አሸኑ መብራት አይቶ ሲግተለተል ታውቃላችሁ። ሰማያዊና ነጭ ብርሃን ከቢጫው ይበልጥ ነፍሳትን ይስባል። ቁልፎች መሃል የገባ የአሸን ክንፍ ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል።

አምፖል ስትገዙ ሌላም የምታዩት ቁጥር አለ፤ ቀለምን በትክክል የማሳየት መጠን፣ ማሸጊያው ላይ ሲአርአይ ተብሎ የሚጻፈው። 80 መካከለኛ ነው፣ 90 ጥሩ ነው። አስተማሪ በቀይ እስኪብርቶ የጻፈው የጣት ቁጥርና ማሳሰቢያ በዝቅተኛው አምፖል ቡናማ ሆኖ ከኖታው ጋር ይቀላቀላል። በመጨረሻም የስልካችሁን ካሜራ በዝግታ መቅረጫ ላይ አድርጋችሁ አምፖሉን ቅረጹት። ቪዲዮው ላይ የሚርገበገብ ከሆነ ሌላ ምረጡ። የኛ ኮረንቲ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን ላያውቀው ይችላል፤ ራስ ምታት ግን ሊያመጣ ይችላል።

የድሮ ሰዎች በሻማ ተጫውተዋል ለሚለው

እውነት ነው፤ ተጫውተዋል። ግን ሻማው የት ነበር? በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ብዙ ቋሚ ፒያኖዎች ፊታቸው ላይ ግራና ቀኝ የነሐስ ሻማ መያዣ ነበራቸው። መያዣው ይሽከረከራል፤ ሻማውን ወደ ኖታው ማቅረብ ወይም ማራቅ ይቻል ነበር። መብራቱ የፒያኖው አካል ሆኖ ከፋብሪካ ይወጣ ነበር ማለት ነው። ጸሐፊው ቅንጦት ያሉትን ነገር የፒያኖ ሠሪዎቹ ራሳቸው እንደ ፔዳሉ አስፈላጊ አድርገው ቆጥረውታል።

አንድ ሻማ ከ30 ሳንቲ ሜትር ላይ 11 ሉክስ ያህል ይሰጣል። ሁለቱ አንድ ላይ 22። ከላይ ያየነው የኮርኒስ አምፖል ከ2 ሜትር በቀጥታ የሚያደርሰው 16 ነበር። በዚያ ላይ ሻማዎቹ ከተጫዋቹ ፊት ስለሆኑ ጥላ የለም። የዛሬ 150 ዓመት በሻማ ያነበበ ሰው ዛሬ ኮርኒስ ላይ ባለ አንድ አምፖል ብቻ ከሚያነበው ልጅ የተሻለ ሊያይ ይችል ነበር።

በጆሮ ስለመጫወት የተነሳውን በአክብሮት ነው የማየው። የዓሊ ቢራና የአፍረን ቀሎ ባንድ ከተማ የጆሮን ሙዚቃ ልታቃልል አትችልም። ግን ልጅቷ እየተማረች ነው። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ ኋላም ካይሮ ሙዚቃ ተምረዋል። ግርማ ይፍራሸዋ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ቡልጋሪያ ሶፊያ ተምሯል። ሁለቱም በኖታ ያለፉ ናቸው። ዓይን ጨፍኖ መጫወት ካነበቡ በኋላ የሚደረስበት ነው።

አያቶችንም አንርሳ። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶው ያህል ነው። ጡረታ ወጥተው ፒያኖ የጀመሩ፣ መዘምራን የሚያጅቡ ትልልቅ ሰዎች እዚህ ከተማ አሉ። ለእነሱ ሻማ ይበቃል ማለት አይገባም።

ማንኛውም አባዦራ ይሆናል ለሚለው

አይሆንም። ምክንያቱ ቅርጹ ነው።

የቋሚ ፒያኖ ክዳን ከወለሉ ከ110 እስከ 130 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ኖታው የሚቆመው ከክዳኑ ጠርዝ በታችና ፊት ለፊት ነው። የጠረጴዛ አባዦራ እግሩ ክዳኑ መሃል ይቀመጣል፤ ብርሃኑ ቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል። የሚያበራው ታዲያ ክዳኑን ነው። ገጹ ከብርሃኑ ጀርባ ይቀራል፤ አምፖሉ ደግሞ ቀና ያለ ዓይን ላይ ያፈጣል። ወደ ጠርዙ ስትስቡት ይወድቃል። ወድቆም ቁልፎቹ ላይ ነው የሚያርፈው።

ትክክለኛው የፒያኖ መብራት ክንድ አለው። ክንዱ ከክዳኑ ጠርዝ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይወጣል። ክብደቱ በሙሉ ከኋላ ነው። የድሮዎቹ የነሐስ መብራቶች ከኋላቸው ከባድ እግር ወይም ሚዛን መጠበቂያ የነበራቸው ለጌጥ አይደለም፤ ወደ ፊት የወጣውን ክንድ ለመያዝ ነው። ቆቡም ክብ አይደለም፤ አግድም የረዘመ ነው። ክብ ቆብ መሃል ላይ የብርሃን ክብ ይሠራል፤ የገጹ ጠርዝ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። በኤ4 ወረቀት የተባዛ ኖታ ሁለት ገጹ ሲከፈት ስፋቱ 42 ሳንቲ ሜትር ነው። ሦስት ቅጠል ጎን ለጎን ከዘረጋችሁ 63 ይሆናል። 88ቱ ቁልፎች ደግሞ ከ120 ሳንቲ ሜትር በላይ ይዘረጋሉ። ቁልፎቹ የኖታውን ያህል ብርሃን አያስፈልጋቸውም፤ ግን ዓይን ከደማቅ ገጽ ወደ ጨለማ ቁልፍ በወረደ ቁጥር ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ጥቂት ብርሃን ወደ ታች መፍሰስ አለበት።

ከዚያ ድምፁ አለ። ስለዚህ የሚጽፍ ሰው ስለሌለ እዚህ ላይ መናገር እፈልጋለሁ። ፒያኖ ይንቀጠቀጣል። ላዩ ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል። የላላ ብሎን፣ ያልጠበቀ ቆብ፣ የሚሽከረከር መጋጠሚያ ያለው መብራት አንዲት የተወሰነች ኖት ስትመታ «ዝዝዝ» ይላል። ሌሎቹ ላይ ዝም ይላል። ተማሪው ፒያኖው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ቃኚ ይጠራል፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ ኋላ መብራቱ ሆኖ ይገኛል። መብራቱን ካስቀመጣችሁ በኋላ ከታችኛዋ ቁልፍ እስከ ላይኛዋ አንድ በአንድ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። የሚዘፍነውን ክፍል ፈልጋችሁ አጥብቁት። ከእግሩ ሥር የፌልት ወይም የወፍራም ብርድ ልብስ ቁራጭ አድርጉ።

መጥፎ ትራንስፎርመር ወይም ብርሃን መቀነሻ ያለው መብራት ደግሞ ራሱ እምም ይላል። የሚለው በ100 ኸርዝ ነው። ዝቅተኛ ድምፆች በሚጻፉበት በባስ ክሌፍ የታችኛው መስመር ላይ ያለችው ሶል 98 ኸርዝ ናት። ሁለቱ ሲገናኙ በሰከንድ ሁለት ጊዜ የሚወዛወዝ ድምፅ ይፈጠራል። ጆሮውን እየገራ ላለ ልጅ ይህን አጠገቡ ማስቀመጥ በደል ነው። መብራቱን ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ አብሩትና ጆሯችሁን አስጠጉ። ባለሱቁ ቢገርመውም ይገረም።

ሙቀት እንጨቱን ይጎዳል ለሚለው

በድሮው አምፖል ልክ ናቸው። የ60 ዋት የክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። ክዳን ላይ ተጠግቶ ለሰዓታት ሲበራ ቀለሙን ሊጎዳ ይችላል፤ ለተጫዋቹም አይመችም። የ7 ዋት ኤልኢዲ ግን ያን ያህል አይሞቅም። ፒያኖን የሚጎዳው በዋናነት የአየሩ እርጥበት መለዋወጥ ነው። ከ40 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ረግቶ ቢቆይ ይመከራል። ጸሐፊው ለእንጨቱ ካሰቡ ፒያኖውን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮትና ከቬንትሌተር ቀጥተኛ ነፋስ ያርቁት። የመብራቱ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

መብራት ይጠፋል ለሚለው

ለዚህ ነው እንዲያውም የፒያኖ መብራት የሚያስፈልገው። ኮረንቲ ሲሄድ የኮርኒሱ አምፖል አብሮ ይሄዳል። ኖታ ላይ የሚቆነጠጥ፣ በዩኤስቢ የሚሠራ ኤልኢዲ ግን ይቀጥላል። 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። 5 ዋት ለሚወስድ መብራት፣ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 6 ሰዓት ያህል ያበራል። ይህን የሚያህል ጊዜ የሚለማመድ ልጅ ካላችሁ አመስግኑ። ፒያኖው ደግሞ ኮረንቲ አይፈልግም። መብራት በሄደበት ምሽት ቴሌቪዥኑ ዝም ሲል፣ ዋይፋዩ ሲቆም፣ ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ፒያኖው ነው። ያን ሰዓት በጨለማ ማባከን ያሳዝናል።

ብዙዎቻችን ቤት ያለው ኪቦርድ ነው ለሚለው

ይህ ትክክል ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ኪቦርድ ላይ ክዳን ስለሌለ መብራት የሚቀመጥበት ቦታ የለም። የሚቆነጠጠውን መብራት የኪቦርዱ ፕላስቲክ ኖታ ማቆሚያ ላይ ካደረጋችሁት ወደ ኋላ ይገለብጠዋል፤ ቀዳዳው ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን እግሮችም ይሰብራል። ከወለል የሚነሳ፣ ክንዱ የሚታጠፍ መብራት ከኪቦርዱ ጀርባ ግራ በኩል አቁሙ። ግራ ያልኩት ብዙ ሰው በቀኝ እጁ እርሳስ ይዞ ኖታው ላይ ስለሚጽፍ ነው፤ ጥላው አይረብሸውም። ግራኝ ከሆነ በቀኝ።

የኪቦርዱ ስክሪን ያበራል የሚለውን ጽሑፉ ውስጥ አይቻለሁ። ስክሪኑ ራሱን ነው የሚያበራው። እንዲያውም ገጹ ጨልሞ ስክሪኑ ብቻ ሲበራ ዓይን ወደዚያ ይሳባል። በታብሌት የሚያነቡም አሉ፤ ለእነሱ ገጹ የራሱ ብርሃን አለው። ያኔ ክፍሉን ለስለስ ባለ ብርሃን ማብራትና የታብሌቱን ብርሃን መቀነስ ይበቃል። እዚህ ላይ ጸሐፊው አሸንፈዋል።

ወጪው

ከውጭ የሚመጣው የነሐስ መብራት ውድ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን አስተማሪዋ ነሐስ አላለቻቸውም፤ መብራት ነው ያለችው። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ማሠራት ትችላላችሁ። ለእግሩ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ብረት፤ ይህ ብቻውን 3 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን አይገለበጥም። ከእግሩ የኋላ ጠርዝ የሚነሳ ቀጭን ቱቦ፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ ወደ ፊት የሚታጠፍ። ክንዱ ከክዳኑ ጠርዝ እንዲያልፍ የፒያኖአችሁን ክዳን ስፋት ለክታችሁ ሂዱ፤ ፒያኖ ሁሉ አንድ አይደለም። ለቆቡ በቁመቱ እንደ ተሰነጠቀ ቧንቧ የታጠፈ፣ ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላሜራ፣ ውስጡ ነጭ ውጭው የፈለጋችሁት ቀለም። ውስጡን ያልተወለወለ ነጭ ቀለም አስቀቡት፤ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ገጹ ላይ መስመር መስመር ይጥላል። ሁለት ባለ 4 ዋት 3000 ኬልቪን አምፖሎች ከግራና ከቀኝ፣ ወይም አንድ ረዘም ያለ ኤልኢዲ።

ሲጨርስ ስልካችሁ ላይ ሉክስ የሚለካ መተግበሪያ ጫኑና ስልኩን ገጹ ቦታ ላይ አስደግፋችሁ ለኩ። የስልክ ልኬት ግምት ነው፤ ቢሆንም 50 እና 300ን መለየት አያቅተውም። ግራውን ጠርዝ፣ መሃሉን፣ ቀኙን ጠርዝ ለኩ። መሃሉ ከጠርዙ ከሁለት እጥፍ በላይ ከበለጠ አምፖሎቹን ወደ ዳር አስጠጉ።

መብራቱ ብረት ስለሆነ ሦስት ሽቦ ባለው ገመድ ይሠራ፤ የመሬቱ ሽቦ ከብረቱ ጋር በብሎን ይታሰር። ብየዳ ቤቱ ሁለት ሽቦ ይበቃል ቢላችሁ እሺ አትበሉ፤ ገመዱን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሳዩት። ማብሪያ ማጥፊያውን ክዳኑ ላይ ሳይሆን ገመዱ ላይ፣ ልጁ ተቀምጦ በግራ እጁ በሚደርስበት ቦታ አስደርጉት። ገመዱ ከፒያኖው ጀርባ ይውረድ፤ በፔዳሎቹ በኩል እንዳያልፍ።